መርፌው ከመወጋቱ በፊት ደሙ ይታይ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰሞኑን ስለ ገንዲ፣ ቆላ ዝንብ ስለሚያመጣው የከብት የደም በሽታ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ደግ አደረጋችሁ፣ ስለ ከብት በሽታ የሚጽፍልን ብዙ የለም። ግን አንድ ነገር አልተመቸኝም። መድኃኒቱ አልሠራ እያለ የመጣው ገበሬው ከገበያ እየገዛ ራሱ ስለሚወጋ ነው ብላችሁ ነገሩን እዚያው ዘጋችሁት። ይወጋል፣ አልክድም። እኛ ባለሙያዎቹስ? እኔ በማውቃቸው የወረዳ ክሊኒኮች ከብት ሲመጣ ደም የሚወሰደው አልፎ አልፎ ነው። ፀጉሩ የቆመ፣ ጎኑ የገባ፣ ዓይኑ የሚያለቅስ በሬ ከታየ «ገንዲ ነው» ይባላል፣ ቢጫው ዱቄት ይበጠበጣል፣ ይወጋል፣ ቀጣይ! ገበሬውም ቤቱ ሄዶ የሚያደርገው እኛ ጋ ያየውን ነው እኮ።

የምሠራው የእንስሳት ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ለማይክሮስኮፕ ባዳላ አትፍረዱብኝ።

የከሳና ደም ያነሰው ከብት ሁሉ ገንዲ የያዘው አይደለም። ቢጫው መድኃኒት፣ ዲሚናዚን ማለቴ ነው፣ ገንዲን የሚያመጣውን የደም ጥገኛ፣ ትሪፓኖሶማን፣ ይገድላል፣ በመዥገር የሚመጣውን ሌላ የደም ጥገኛ፣ ባቤዥያንም ይመታል። አናፕላዝማን ግን አይነካውም። አናፕላዝማ ቀይ ሴል ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፣ የሚመጣውም በመዥገር ነው፣ እሱም ከብቱን ያከሳል፣ ደሙን ይጨርሳል፤ መድኃኒቱ ግን ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን ደግሞ ለትሪፓኖሶማ ምንም አያደርግም። በዚህ ላይ የጉበት ትል አለ፣ ደም የሚመጥጥ የጨጓራ ትል አለ፣ ለእነሱ ሁለቱም መርፌዎች ከንቱ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። በጊቤ ሸለቆ መድኃኒቱን የተላመዱ ትሪፓኖሶማዎች መኖራቸው ከታወቀ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እና አሁንም በግምት እንወጋለን።

«እኛ ጋ ቆላ ዝንብ የለም፣ ስለዚህ ገንዲ አይሆንም» የሚሉም አሉ። ይኼም ግምት ነው። ትሪፓኖሶማ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ቆላ ዝንብ በሌለበትም በሌሎች ተናካሽ ዝንቦች ይተላለፋል፣ ጣና ዙሪያም ከብት ላይ ተገኝቷል። ሰፈሩን አይቶ በሽታውን ማወቅ አይቻልም።

ደም ማየት ደግሞ ከባድ ነገር አይደለም። የጆሮውን ጫፍ ትወጋለህ፣ አንዷን ጠብታ ስላይድ (ቀጭን መስታወት) ላይ ታደርጋለህ፣ በሌላ ስላይድ ጠርዝ በቀስታ ገፍተህ ስስ አድርገህ ትዘረጋታለህ፤ ስሚር የሚባለው ይኼ ነው። መጨረሻው እየሳሳ ካልሄደ ድገመው። ከአንገት ደም ሥር ከተቀዳው ይልቅ የጆሮ ጫፍ ደም ለጥገኛዎቹ ይሻላል፣ ምክንያቱም አንዳንዶቹ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ መሰብሰብ ይወዳሉ። ከዚያ ቶሎ ማድረቅ፣ በሜታኖል ማጠንከር፣ ጊምሳ በሚባለው ቀለም መቀባት። ክሊኒክ ውስጥ ስሚር የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ እጅ ሳይሆን አካባቢው ነው። ዝንብ እስኪደርቅ አይጠብቅም፣ ልሶት ይሄዳል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ታገኘዋለህ። ስላይዱን ፎርማሊን ካለበት ዕቃ ጋር በአንድ ሳጥን ከላክኸው ደግሞ ጭሱ ቀለሙን ስለሚያበላሸው ላብራቶሪ የሚደርሰው ሰማያዊ ጭቃ ነው። ስንቱን እንዲህ ሆኖ ጥለነዋል።

ደሙ እንደተቀዳ ሳይቀባ ማየትም ይቻላል፣ እኔ እንዲያውም ይኼን እወደዋለሁ። ቫይቫክስ በቀይ ሴሎቹ መሃል እየሾለከ ከዓይንህ ይሮጣል። ኮንጎሌንስ የሚባለው ግን ቀስ ይላል፣ ከቀይ ሴል ጋር ተጣብቆ ይታያል። ሴንትሪፊውጅ ካለ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ቀጭኗ ቱቦ ለ5 ደቂቃ ከዞረች በኋላ ቀይ ሴሎቹ ከታች፣ ነጩ ስስ መስመር በላያቸው ይቀመጣል፤ ትሪፓኖሶማዎቹ እዚያ መስመር አካባቢ ይሰበሰባሉ፣ ቱቦውን እዚያ ላይ ቆርጦ ማየት ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ አለ፣ አዲስ ነገር አላመጣሁም። ያችው ቱቦ ፒሲቪውንም ትነግርሃለች፣ ማለትም ከደሙ ስንት በመቶው ቀይ ሴል እንደሆነ። ለከብት ከ24 በታች ከሆነ ደም አንሷል። ቁጥሩን ብቻ ማመን ግን ያሳስታል። በበጋ ውኃ ያጣ ከብት ደሙ ስለሚወፍር ፒሲቪው ደህና መስሎ ይታያል፣ ውኃ ሲጠጣ ይወርዳል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ስሚር ተሠርቶም ብዙ ጊዜ ሪፖርቱ አንድ ቃል ነው፦ «ኔጌቲቭ»። በቃ? ስላይዱ ላይ እኮ ከጥገኛው ሌላ ስንት ነገር አለ። ቀይ ሴሎቹ ትልቅና ትንሽ ተቀላቅለው፣ አንዳንዶቹ ሰማያዊ ቢጤ ሆነው፣ በውስጣቸው ደቃቅ ነጠብጣብ ከታየ፣ ከብቱ ደም ቢያንሰውም መቅኔው እየሠራ ነው፣ የሚተካ እያመረተ ነው ማለት ነው። ፒሲቪው 15 ሆኖ ሁሉም ሴል አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ደሙ የፈሰሰው ገና ትናንት ነው፣ ወይ መቅኔው ደክሟል። ኢኦሲኖፊል የሚባሉት ነጭ ሴሎች ከበዙ ከመርፌው በፊት እበቱን እይ፣ ትል ሊሆን ይችላል። ይኼ ሁሉ በአንድ ጠብታ ደም ነው፣ በነፃ።

እንስሳውን ሳያውቁ ማንበብም አለ። ሰው ላብራቶሪ የሠራ ባለሙያ የከብት ስሚር ሲያይ ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ ሴል በዛበት ብሎ ይደነግጣል፤ ለከብት ግን ኒውትሮፊል ከሚባለው ሌላው ነጭ ሴል ይልቅ ሊምፎሳይት መብዛቱ ጤና ነው። ፈረስ ደም ቢያንሰውም ያልበሰለ ቀይ ሴል ወደ ደሙ አይለቅም፣ ስለዚህ ስሚሩን አይቶ መቅኔው ደክሟል ማለት አይቻልም። የግመል ቀይ ሴል እንቁላል ቅርጽ ነው፣ ምንም አልሆነም። የዶሮው ኒውክሊየስ አለው። የፍየል ቀይ ሴል በጣም ትንሽ ስለሆነ ለሰው የተሠራው የደም መቁጠሪያ ማሽን ደም ከሚያረጉት ፕሌትሌቶች ጋር ያምታታዋል። ለአንዳንድ ቦታ እርዳታ ተብሎ የሚመጣውም ይኼው የሰው ማሽን ነው፣ ቁጥር በወረቀት ስላተመ ብቻ ይታመናል።

አናፕላዝማ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት አለ። በቀይ ሴሉ ጠርዝ ላይ ጥቁር ነጥብ የታየ ሁሉ አናፕላዝማ ይባላል። ያልተጣራ ጊምሳ ዝቃጭ ይጥላል፣ እሱም ነጥብ ነው። ማይክሮስኮፑን ትንሽ ከፍ ዝቅ አድርጎ መፈተሽ ነው፦ ዝቃጩ ከሴሉ በላይ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ አናፕላዝማው ከሴሉ ጋር አብሮ ይጠራል፣ አብሮ ይደበዝዛል። ከሴል ኒውክሊየስ የቀረ ቅሪትም ነጥብ ይመስላል፣ በተለይ መቅኔው እየሮጠ ባለ ከብት ላይ። በስንት በመቶው ሴል ላይ እንዳለ ቁጠሩ። ከበሽታው የዳነ ከብት ለዓመታት ጥቂት ተሸክሞ ሊኖር ይችላል፤ ፒሲቪው 32 የሆነች ላም ላይ ሁለት ሦስት ነጥብ አይቶ መርፌ ማዘዝ ለኔ ሕክምና አይደለም።

«ኔጌቲቭ» ማለትም «ከብቱ ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። በቆየ ገንዲ ጥገኛው አንድ ቀን ይታያል፣ ሌላ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ስላይዱ ላይ ስንት ቦታ እንደታየ፣ ፒሲቪው ስንት እንደሆነ፣ ሴሎቹ ምን እንደሚመስሉ ይጻፍ። ሁለት መስመር ነው። ሐኪሙ በዚያ ላይ ተነስቶ ይወስናል፣ ካስፈለገም ደም በድጋሚ ያስወስዳል።

ጽሑፋችሁ ያልነካው አንድ ጉዳይ አለ፣ አባሰንጋ። ማታ ደህና የነበረ ከብት ጠዋት ሞቶ ሲገኝ፣ ከአፍንጫና ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም ሲፈስ፣ በድኑን መክፈት ክልክል ነው። ሲከፈት ባክቴሪያው አየር ያገኝና ስፖር፣ ማለትም በቀላሉ የማይሞት ዘር፣ ይሆናል፣ ስፖሩ አፈሩ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ሥጋውን የነካውም የበላውም ሰው ሊታመም ይችላል። ጓንት አድርጎ ከጆሮው ደም ሥር አንድ ስሚር መውሰድ ግን ይቻላል፣ ቶሎ ከሆነ፤ በድኑ ከዋለ ካደረ ሌላ ባክቴሪያ ያምታታዋል። ፖሊክሮም ሜቲሊን ብሉ በሚባለው ቀለም ሲቀባ ሰማያዊ ዘንጎች በሐምራዊ ሽፋን ተከበው ይታያሉ። ማክፋድየን የተባለው የእንስሳት ሐኪም ይኼን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም በድን ገልብጦ ሆድ የሚቀድ ሰው አለ።

ምን ይደረግ ካላችሁኝ፣ ብዙ ወረዳ ማይክሮስኮፕ አለው። ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል፣ ወይ አምፖሉ ተቃጥሎ፣ ወይ ስላይዱ ላይ የሚጠበጠበው የሌንስ ዘይት አልቆ፣ ወይ ጊምሳ የሚገዛበት በጀት ተረስቶ። መስታወት ያለው የድሮው ማይክሮስኮፕ መብራት አይጠይቅም፣ በፀሐይ ይሠራል። ቢሮዎቹ መድኃኒት ሲያከፋፍሉ ጊምሳ፣ ሜታኖልና ስላይድ አብረው ይላኩ። መድኃኒት የወጣበት መዝገብ ላይም ከጎኑ የፒሲቪ ዓምድ ይጨመር፣ ባዶ የሆነበት ሰው ለምን ባዶ እንደሆነ ይጠየቅ። ገበሬውም «ደሙ ታይቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አልቀየምም፣ እንዲያውም።

በነገራችን ላይ ከጽሑፋችሁ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ የቤት ዝንብ ነው እንጂ ቆላ ዝንብ አይደለም። በሚቀጥለው ስለ ገንዲ ስትጽፉ የስላይድ ፎቶ ከፈለጋችሁ እልክላችኋለሁ፣ ቫይቫክሱም ኮንጎሌንሱም አለኝ።

አንድ የእንስሳት ላብራቶሪ ባለሙያ