ቤተ ሙከራውን ቆልፈን አንተወውም

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጥምቀትን ያከበራችሁ እንኳን በሰላም አሳለፋችሁ። እንግዶቻችንን ሸኝተናል፣ ከተማችን ጎንደርም ወደ ወትሮዋ ተመልሳለች፣ እኛም ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ጀምረናል።

የዛሬው ደብዳቤ ስለ ክፍያ ወይም ስለ ፈተና ውጤት አይደለም። ስለ ሳይንስ ክፍላችን ኬሚካሎች ነው። በዚህ መንፈቀ ዓመት የኬሚካል ዕቃ ቤቱን ከላይ እስከ ታች እናስተካክላለን። ልጆቻችሁ ቤት መጥተው «ላብ (ቤተ ሙከራው) ተዘግቷል»፣ «አደገኛ ነገር ተገኘ» ሊሏችሁ ይችላሉ። ወሬው ከመድረሱ በፊት ነገሩን ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

ላቡ ለተማሪዎች የሚዘጋው ይህ ሥራ እስኪያልቅ ብቻ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ለምን ጭራሽ አይዘጋም? ልጆቹ ከመጽሐፍ ይማሩ» ብላችሁኛል። ይህን የምትሉት ለልጆቻችሁ ሳስታችሁ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ግን አልስማማም። ተቆልፎበት የተተወ ኬሚካል እንደነበረ አይቆይም። ክዳኑ ይበላል፣ መለያ ወረቀቱ ይረግፋል፣ ፈሳሹ ይተናል። ደረቅ መሆን ያለበት እርጥበት ይስባል፣ እርጥብ መሆን ያለበት ይደርቃል። በየሳምንቱ የሚከፈት ዕቃ ቤት ተመልካች አለው። ለዓመታት የተቆለፈውን ግን ማን ያየዋል?

ቤሩትን ታስታውሳላችሁ። ብዙ እህቶቻችን ለሥራ የሄዱባት ከተማ ስለሆነች ያን ቀን ስልክ ስንደውል የዋልን ብዙ ነን። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደቡ ላይ የፈነዳው 2,750 ቶን ገደማ የሚሆን አሞኒየም ናይትሬት ነው። ለማዳበሪያነት የሚያገለግል ኬሚካል ነው። ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ተከማችቶ ቆይቶ ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እኛ ያለን ነገር በግራምና በሊትር የሚለካ ስለሆነ ሁለቱን አላነጻጽርም። አደጋው የመጣው ግን ማንም ሙከራ ሳይሠራበት፣ ከአቀማመጡ የተነሣ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ወደ ትምህርት ቤት እንምጣ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 የሠራዊቱ የፈንጂ ባለሙያዎች ወደ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተጠርተው ነበር። ምክንያቱ 2,4-ዳይናይትሮፌናይልሃይድራዚን የሚባል፣ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትምህርት አልዲሃይድና ኪቶን የሚባሉ ውህዶች መኖራቸውን ለማወቅ የሚያገለግል ኬሚካል ነው። ይህ ነገር እርጥብ ሆኖ መቀመጥ አለበት። ከደረቀ ሊፈነዳ ይችላል። ፒክሪክ አሲድ የሚባለውም እንደዚያው ነው። ቆይቶ ከደረቀና ክዳኑ ሥር ቢጫ ፍሬ ከተጋገረ፣ ክዳኑን ማሽከርከር ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ ለመምህራኖቻችን የሰጠነው የመጀመሪያ መመሪያ እንዲህ ይላል፦ የማታውቁትን አሮጌ ጠርሙስ አትክፈቱ፣ አትነቅንቁ፣ ባለበት ተዉትና ንገሩን።

አሁን ስለ አደራደሩ ልንገራችሁ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቦታ ኬሚካል የሚደረደረው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። ለመፈለግ ይመቻል። ግን ፊደል ማን ከማን እንደማይስማማ አያውቅም። በፊደል ተራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጎን ለጎን ይመጣሉ። በእኛ ፊደልም ብትደረድሯቸው ያው ጎረቤት ናቸው። ሁለቱ ጠርሙሶች ተሰብረው ቢቀላቀሉ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ሊወጣ ይችላል። አሴቲክ አሲድም ከአሞኒየም ናይትሬት አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። አንዱ የሚቀጣጠል ነው፣ ሌላው እሳትን የሚያባብስ።

ስለዚህ አሁን የምንደረድረው በባሕርያቸው ነው። አሲዶች ለብቻ፣ ቤዞች (የአሲድ ተቃራኒዎች) ለብቻ፣ ተቀጣጣዮች ለብቻ፣ እሳት የሚያባብሱት ለብቻ። ናይትሪክ አሲድ አሲድ ቢሆንም ከአሴቲክ አሲድ ጋር እንኳ አይጎራበትም፤ የራሱ ቦታ አለው። ሶዲየም የሚባለው ብረት በፓራፊን ዘይት ወይም በነጭ ጋዝ ተነክሮ፣ ከቧንቧ ርቆ ይቀመጣል፤ ውሃ ከነካው ይቀጣጠላል። ስለ ጣሪያውም ማሰብ አለብን። ክረምት ላይ ትምህርት ቤቱ ባዶ በሆነበት ጊዜ ቆርቆሮው ቢያፈስ ማንም አያይም። ጠንካራ አሲድ ደግሞ ከዓይን ከፍታ በታች፣ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ይቀመጣል። ከላይ መደርደሪያ ሲያወርዱት ቢያመልጥ የሚፈሰው ፊት ላይ ነውና።

በዚህ ሥራ ላይ የተማርነው አንድ ምልክት አለ። ጠርሙሶች ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተለጥፎ ካያችሁ አቧራ ላይሆን ይችላል። የሃይድሮክሎሪክ አሲድና የአሞኒያ ትነት አየር ላይ ሲገናኙ የሚሠሩት አሞኒየም ክሎራይድ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ተከድነው እንኳ እየተነኑ ነው ማለት ነው። ያ ትነት መደርደሪያውን ያዝገዋል፣ ክፍሉ ውስጥ የሚቆየውን ሰው ሳንባም ይነካል። የኬሚካል ዕቃ ቤት የመምህር ቢሮ መሆን የለበትም የምንለው ለዚህ ነው። እዚያ ቡናም ሆነ ምሳ አይገባም።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች መሆኗም ይቆጠራል። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ኤተር የሚባለው ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ላይ በ35 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እዚህ ጎንደር ግን ከ30 በታች ይበቃዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ምን ያህል እንደሚሞቅ ታውቁታላችሁ። የኤተር ጠርሙስ እዚያ ክፍል ውስጥ ሲከፈት ወዲያው ሊንተከተክ ይችላል። የቆየ ኤተር ከአየር ጋር ሆኖ ፐርኦክሳይድ ይፈጥራል፤ እሱም ፈንጂ ነው። ልጆቹ ለሙከራ መብራት የሚጠቀሙበት አልኮል እንኳ ከ20 ዲግሪ በታች የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። እየነደደ ያለ የአልኮል መብራት ላይ አልኮል መጨመር ፍጹም ክልክል ነው። ይህን ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ ካላወቁት ንገሩን።

ስለ ውሃ ደግሞ አንድ ነገር ላንሳ። ዓይን ውስጥ ኬሚካል ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ብንል ወደ 23 ሊትር ይሆናል። አንድ ሙሉ ጀሪካን ማለት ነው። የከተማችን ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ አትነግሩኝም፤ ውሃችን የሚመጣበት የአንገረብ ግድብ ነገር የሁላችንም ጭንቀት ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ላብ ውስጥ የተሞሉ ጀሪካኖች ሳይኖሩ ሙከራ አይጀመርም። ውሃው በየጊዜው ይቀየራል፤ ለሌላ ነገር፣ ለወለል ማጠቢያም ቢሆን አይነካም። ውሃ በጠፋ ቀን ሙከራው ይተላለፋል። ልጆቹ ቅር ቢላቸውም ዓይናቸው አይጎዳም። የአሸዋ ባልዲም እናስቀምጣለን፤ ሶዲየም ሲነድ ውሃ መድፋት ያባብሰዋል።

አሁን ከእናንተ ወደምንፈልገው ልምጣ።

አንደኛው ሜርኩሪ ነው። ከተሰበረ ቴርሞሜትር የወጣች የምታብለጨልጭ ኳስ ለልጅ መጫወቻ ትመስላለች። ትነቷ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ ነርቭን ይጎዳል። ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር በብልቃጥ ወይም በወረቀት ጠቅልሎ ካመጣ አትቆጡት፤ ከተቆጣችሁት ይደብቀዋል። ከፈሰሰ በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ መጥረጊያ ወደ ጥቃቅን ፍሬ ይበትነዋል። መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አስወጡ፣ የወርቅ ቀለበታችሁን አውልቁ፤ ሜርኩሪ ወርቅ ላይ ይጣበቃል። በጠንካራ ወረቀት ሰብስባችሁ ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ዝጉበትና ደውሉልን። ያመጣ ተማሪ አይቀጣም፤ ይህን ለራሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ።

ሁለተኛው የቤታችሁ ዕቃ ነው። ላቡ የቱንም ያህል ቢስተካከል ልጁ የሚውለውና የሚያድረው እናንተ ጋ ነው። በረኪና በሃይላንድ፣ የባትሪ አሲድ በአረቄ ጠርሙስ፣ ነጭ ጋዝ በለስላሳ ጠርሙስ የምናስቀምጥ ስንቶቻችን ነን? ልጅ ሲጠማው ጠርሙሱን እንጂ ያለበትን አይመረምርም። በመጣበት ዕቃ ይቀመጥ። ካልሆነ በትልቁ ተጽፎበት ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። በረኪናን ከአሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ ቅድም ያልኳችሁ የክሎሪን ጋዝ ከዚያም ይወጣል። ለእህል ነቀዝ የሚገዛው እንክብል ደግሞ እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ስለሚለቅ ሰው በሚያድርበት ክፍል ውስጥ አይገባም። ልጅ አንዱን ቢጠጣ ወተት እያጠጣችሁ ወይም ለማስመለስ እየሞከራችሁ ጊዜ አታጥፉ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ምን ጠጣ?» ብሎ ነው።

ሦስተኛው ጫማ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን አሲድ ሲንጠባጠብ መጀመሪያ የሚያገኘው እግር ነው። የላብ ቀን ክፍት ጫማ አይሆንም። ነጠላም ሆነ ሂጃብ ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባ፤ ረጅም ጸጉር ይታሰር። ሽፍን ጫማ መግዛት የማይችል ቤተሰብ ካለ ለክፍል ኃላፊው መምህር በግል ይንገር። ትምህርት ቤቱ ያዘጋጃል፣ ልጁም በማንም ፊት አይጠራም።

አራተኛው ሙያችሁ ነው። ለአሲድ የእንጨት ቁም ሣጥን ያስፈልገናል፤ ብረቱን አሲዱ ይበላዋል። ለአልኮልና ለመሰል ተቀጣጣዮች ግን የብረት ያስፈልጋል። ስለዚህ አናጢም በያጅም እንፈልጋለን። ዕቃውን እኛ እንገዛለን፤ እጃችሁንና ጊዜያችሁን ነው የምንለምነው። ጣሪያ የሚያይልን፣ ለዕቃ ቤቱ ግድግዳ ከላይና ከታች የአየር መውጫ የሚከፍትልን ግንበኛ ካለም አለሁ ይበለን።

«የማይፈለገውን ለምን አትደፉትም?» ብሎ የጠየቀኝም አለ። የት እንድፋው? ቧንቧ ውስጥ ከደፋነው መድረሻው የቀሃ ወይም የአንገረብ ወንዝ ነው። ከዚያ በታች ከብት የሚያጠጣ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ አትክልት የሚያለማ ሰው አለ። መቅበርም ያው ነው። ማቃጠል ደግሞ መርዙን በአየር መበተን ነው። ስለዚህ የማያስፈልገን ኬሚካል ሁሉ ተለይቶ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ባለሙያዎች መላ እስኪሰጡን በተለየ ሣጥን ይቆያል። ምክር ለማግኘት ወደ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ሰዎች ደብዳቤ እንጽፋለን። ከእንግዲህም ለአንድ ዓመት ትምህርት ከሚበቃን በላይ አንገዛም። ርካሽ ነው ተብሎ በብዛት የሚገዛ ኬሚካል ኋላ ላይ የማስወገዱ ዋጋ ከመግዣው ይበልጣል። በስጦታ ኬሚካል ሊሰጡን የሚፈልጉ ደጎችም አሉ፤ እናመሰግናለን፣ ግን አስቀድመው ይንገሩን።

ወላጆች ዕቃ ቤቱን ገብታችሁ እንድታዩ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ እሑድ ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት አድርገነዋል። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባላትና የኬሚስትሪ መምህራን አብረውን ይሆናሉ። ትንንሽ ልጆችን ይዛችሁ አትምጡ። ቤታችሁ ያለውን የሚያጠራጥር ጠርሙስም ይዛችሁ አትምጡ፤ በታክሲና በባጃጅ መጓዝ የለበትም። ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ ብቻ ንገሩን፤ ምን እንደምታደርጉ መምህሮቻችን ይነግሯችኋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ጎንደር