የቅዳሜው የሥዕል ውይይት

ጤና ይስጥልኝ የቡድናችን አባላት፤

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ባሕር ዳር በተለመደው ቦታችን የምንወያየው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ጎጋን እ.ኤ.አ. በ1888 በዘይት ቀለም በሣለው፣ ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር ሲታገል በሚያሳየው ሥዕል ላይ ነው። ዘፍጥረት 32ን አንብባችሁ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛችሁ ኑ። የሥዕሉን ቅጂ እኔ አሳትሜ አመጣለሁ።

መሬቱ ለምን እንዲያ ደማቅ ቀይ ሆነ? የዛፉ ግንድ በሰያፍ ተጋድሞ ነጭ የራስ መሸፈኛ ያደረጉትን የብሪታኒ (የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር) ሴቶች ከሚታገሉት ይለያቸዋል። እኔ ትግሉ ስብከት ሰምተው በወጡት ሴቶች ሐሳብ ውስጥ ብቻ ያለ ነው ባይ ነኝ (ነጠላ አጣፍተው ከቅዳሴ የሚመለሱት እናቶቻችን ትዝ ብለውኝ ይሆናል)። የማትስማሙ ተዘጋጅታችሁ ኑ።

ሌላው፣ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ለማየት ዘጌ በጀልባ እንሂድ ወይስ በመኪና? ምርጫችሁንና ቅዳሜ መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።