«ጌታ ሆይ» የት ገባ?

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጠፋሁብሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። ሰበብ ደርድሬ አላደክምሽም፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ አኩርፌ ነበር። መጨረሻ ላይ ስናወራ፣ ፍልስፍናና ቲዎሎጂ (ነገረ መለኮት) አንድ ላይ መማሬን አንስተሽ «ለምን ሁለቱን? ወይ እመን ወይ ጠይቅ» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ለቀልድ ነው ያልሽው። እኔ ግን ያኔ ለራሴም መልስ ስላልነበረኝ ከነከነኝ። መልሱን ሳገኝ እጽፍላታለሁ እያልኩ ቀን በቀን ሲተካ ዝምታው ራሱ ማሳፈር ጀመረ፣ ከዚያማ ጭራሽ እጄ እምቢ አለ።

ባለፈው ሳምንት «ታናሽ ወንድሜ ፍልስፍናና ቲዎሎጂ አንድ ላይ ማስተርስ ልማር እያለ ነው፣ ምን ልበለው?» ብለሽ ስትልኪልኝ ሳቄ መጣ። ዞሮ ዞሮ ጥያቄው ቤትሽ ገባ! እንግዲህ ይኸው። ለሱም ላንቺም ነው።

ከአንዲት ወረቀት ልጀምር። በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሁለቱም ክፍሎች አንድ መጽሐፍ አዘዙን፤ የአንሴልምን «ፕሮስሎጊዮን»። እ.ኤ.አ. በ1077 እና በ1078 ገደማ የተጻፈ ነው። ትንሽዬ መጽሐፍ ናት፣ በአንድ ከሰዓት ታልቃለች። ጸሐፊው መነኩሴ ነው።

ማክሰኞ ፍልስፍና ክፍል የታደለን ፎቶ ኮፒ ከምዕራፍ ሁለት ይጀምራል። እግዚአብሔር መኖሩን በአመክንዮ ለማሳየት የቀረበው ታዋቂው ሙግት ያለው እዚያ ነዋ። እግዚአብሔር ማለት ከእርሱ የሚበልጥ ሊታሰብ የማይችል ነው። እንዲህ ያለው በሐሳብ ብቻ ኖሮ በእውን ባይኖር፣ በእውን ያለ ከእርሱ የሚበልጥ ማሰብ ይቻል ነበር። ስለዚህ በእውንም አለ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ በቁጥር ደረደሩት፤ መነሻ አንድ፣ መነሻ ሁለት፣ ድምዳሜ። ከዚያ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1781 ባሳተመው መጽሐፍ፣ «አለ» ማለት በአንድ ነገር ምንነት ላይ የሚጨምረው ነገር የለም ብሎ ሙግቱን አፈር ድሜ አስገባው። በሐሳብ ያለ መቶ ታለር (የድሮ የጀርመን ገንዘብ ነው) በእጅ ካለው መቶ ታለር በአንዲት ሳንቲም አያንስም፣ ኪስሽ ግን ልዩነቱን አሳምሮ ያውቀዋል። ደስ የሚል ክፍለ ጊዜ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ሐሙስ ቲዎሎጂ ክፍል ገባሁ። እዚያ ደግሞ ምዕራፍ አንድን ሳንሻገር ሰዓቱ አለቀ። ምዕራፍ አንድ ጸሎት ነው። ሰውየው የት እንደሚፈልገው፣ የትስ እንደሚያገኘው ልቡን እንዲያስተምርለት ፈጣሪውን እየለመነ ነው። ለካ ምዕራፍ ሁለትም የሚጀምረው «ጌታ ሆይ» ብሎ ነው! ማክሰኞ «መነሻ አንድ» ብለን የጻፍነው፣ መጽሐፉ ውስጥ «አንተ እንዲህ እንደሆንክ እናምናለን» የሚል ነው።

እኛ መምህራችንን «እርስዎ» ብለን ፈጣሪን «አንተ» የምንል ሰዎች ስለሆንን ነው መሰለኝ፣ ይቺ ነገር ልቤን ነካችው። ሰሌዳው ላይ «አንተ» «እርሱ» ሆኗል። ሙግቱ አልተዛባም፣ ሁሉም እርምጃ በቦታው አለ። ሰውየው የሚያናግረው አካል ብቻ ከክፍሉ ወጥቷል።

ስለዚህ ጉዳይ ጻፍኩና፣ ሁለቱም መምህራን ፈቅደውልኝ ያንኑ ጽሑፍ ለሁለቱም አስገባሁ። ሲመለስልኝ፣ ገጽ አራት ላይ፣ አንድ አንቀጽ አጠገብ፣ የፍልስፍናው መምህር በቀይ «ይህ መነሻ ከየት መጣ? ማመንህ ማስረጃ አይሆንም» ብለዋል። ቲዎሎጂዋ መምህርት እዚያው አንቀጽ ላይ በእርሳስ «ሰውየው እኮ እየጸለየ ነው። 'ጌታ ሆይ' የት ገባ?» ብለው ጽፈዋል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሁለት ጌታ ማገልገል ይሉሻል ይሄ ነው አልኩ። ማታ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነብ ግን ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ የሚያናድደውም እሱ ነው።

አሁን ወደ «ወይ እመን ወይ ጠይቅ» ልምጣ። አንሴልምን መጀመሪያ የሞገተው ማን ይመስልሻል? ከሃዲ አይደለም። ጋውኒሎ የሚባል ሌላ መነኩሴ ነው! መዝሙሩ ላይ «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የተባለው ሰነፍ ጠበቃ ሆኖ ነው የቆመለት። በዚህ ሙግት ከሄድንማ፣ ከሁሉ የበለጠች ፍጹም ደሴት ባሰብኩ ቁጥር ደሴቲቱ መኖር አለባት ማለት ነው ብሎ አፋጠጠው። አንሴልም መልስ ጻፈ። ከዚያ የጋውኒሎ ተቃውሞና የራሱ መልስ ከመጽሐፉ ጋር አብረው እንዲገለበጡ አዘዘ። እኔ አንድ መምህር በቀይ ስለጻፉብኝ ሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣሁ ሰው፣ ተቃዋሚዬን ከመጽሐፌ ጋር ላስጠርዝ?! ላንቺ ያጣሁት መልስ ይሄ አንሴልም ነው፤ እያመነ ጥያቄውን ያላባረረ።

ደግሞም ሁለቱን ማጣመር የኛ ዘመን ቅብጠት አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ፓሪስ ብዙውን ጊዜ ቲዎሎጂ የሚገባው ፍልስፍናውን ጨርሶ ነበር። ጥሉም ያረጀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1277 የፓሪሱ ጳጳስ በፍልስፍናው በኩል ይነገሩ የነበሩ 219 ሐሳቦችን በአንድ ጊዜ አውግዘዋል። ካንት ደግሞ ፍልስፍና የቲዎሎጂ ገረድ ናት ለሚሉት፣ ይሁን፣ ግን ችቦ ይዛ ከእመቤቷ ፊት ትሂድ ወይስ ከኋላ የቀሚሷን ጫፍ ታንሳ ያልታወቀ ነገር ነው ብሎ ቀልዷል። ይቺን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ።

ለወንድምሽ ደግሞ፣ ፍልስፍናውን ትተን፣ የወረቀቱን ጣጣ። በመጀመሪያ የሚሰጡት አንድ ዲግሪ ነው ወይስ ሁለት ብሎ ይጠይቅ። ስሙ ቢመሳሰልም አንዳንዱ ቦታ ሁለት ዲግሪ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ የሁለቱ ስም ያለበት አንድ ወረቀት። ጥቅሙ ያለው ለሁለቱም የሚቆጠሩ ኮርሶች ላይ ነው፣ ጊዜ የሚያተርፈው እሱ ነው። ስንት ክሬዲት እንደሚቆጠርለት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል። እኔ «ይቆጠርልሃል» የተባልኩት አንድ ኮርስ መጨረሻ ላይ አልተቆጠረም፣ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየላከኝ አንድ ፊርማ ፍለጋ ሙሉ ሴሚስተር ተንከራተትኩ። ብዙ ቦታ ሁለቱም ክፍሎች ለየብቻ ነው የሚቀበሉት፣ አንዱ እሺ ብሎ ሌላው እምቢ ሊል ይችላል። የገንዘብ ድጋፉን የትኛው ክፍል እንደሚሸፍንም ከመግባቱ በፊት ይጣራ፣ ሁለት ቤት ያለው ሰው ጦሙን ያድራል።

ቲዎሎጂው በኩል ደግሞ ለምርምር የሚሰጠው ማስተርስና ለአገልግሎት የሚያዘጋጀው የተለያዩ ናቸው። የአገልግሎቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ የመስክ ሥራም አለው። መስበክ የማይፈልግ ሰው እዚያ ገብቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ቋንቋውን ሳልነግረው ብቀር ይረግመኛል። ግሪክ፣ ዕብራይስጥ፣ ላቲን፣ ካንትን ካለ ደግሞ ጀርመንኛ። ሁሉንም አይጠይቁትም፣ ግን ከአንዱ አያመልጥም። እኔ የግሪክ ግስ በትንንሽ ካርድ ጽፌ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ ለጥፌ ነበር፣ እንፋሎቱ ቀለሙን እያሟሟው የሩቅ ኀላፊ ጊዜን እስካሁን በቅጡ አላውቀውም።

ሥራ ይገኛል ወይ ካለሽ፣ የማስተማሩ በር ጠባብ ነው። በሁለት ክፍል ስለተማርክ ሁለት በር ይከፈትልሃል እንዳይሉት፤ አንዳንዴ ፍልስፍናዎቹ «ይሄ ቄስ ነው» ይሉታል፣ ቲዎሎጂዎቹ «ይሄ ፈላስፋ ነው» ይሉታል። ይሄን ሰምቶ አሁንም ካማረው ግን አትከልክዪው።

እኔ መመረቂያ ጽሑፌን እየጨረስኩ ነው። ርእሱ ያው ያ «አንተ» ነው፤ አንድ ሙግት ከጸሎት ውስጥ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል፣ ምን ጥሎ ይሄዳል የሚል። አማካሪዎቼ ሁለቱ የገጽ አራት ሰዎች ናቸው፣ ራሴ ነኝ የመረጥኳቸው። ሁለተኛውን ምዕራፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ቀይ እስክሪብቶ ያዢና እንደፈለግሽ ሞግቺኝ። አሁን አላኮርፍም፣ ወይም ቢበዛ ሦስት ቀን።

ያንቺው