የታዳጊዎች ሜዳ ይለካ

ለአዘጋጁ፣

የስፖርት ገጻችሁ ስለ ታዳጊዎች እግር ኳስ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው የሜዳ እጥረትን ነው። እጥረቱ እውነት ነው። ታዳጊዎችን የማሠለጥን ሰው ነኝና እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያለውን ሜዳ የምንጠቀምበት መንገድ ነው።

በየሰፈሩ የማየው ይህን ነው። በአዘቦት ቀን ብዙ ቡድን አንድ ሜዳ ይካፈልና 20 ልጅ አንድ ጥግ ላይ ይታጨቃል። ቅዳሜ ሙሉ ሜዳ ሲገኝ ደግሞ የ10 ዓመት ልጆች 11 ለ 11 ይጋጠማሉ። ሁለቱንም የሚወስነው የተገኘው ቦታ እንጂ አሠልጣኙ አይደለም።

ሒሳቡን እንሥራው። 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ ለ22 ተጫዋች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 325 ካሬ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል። በእንግሊዝ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚጫወቱት 7 ለ 7 ነው። የሚመከረው ሜዳም 55 በ37 ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ልጅ 145 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። የእኛ ልጅ ከዚያ እጥፍ በላይ ቦታ እንዲሸፍን እየጠየቅነው ነው። እሱም ሲሮጥ ይውላል፣ ኳስ ግን አያገኝም።

ቦታው ሲሰፋ የሚሮጠው ርቀት ይጨምራል፣ ፈጣን ሩጫው ይበዛል፣ የልብ ምትም ከፍ ይላል። ሲጠብ የኳስ ንክኪው ይበዛል። «ጠባብ ሜዳ አያደክምም» የሚሉ አሉ፤ ትክክል አይደለም። እዚያ ልጁ በየሰከንዱ ይነሳል፣ ይቆማል፣ ይዞራል። ይህ ታፋና ጉልበት ላይ ጫና አለው። ቁመታቸው በፍጥነት በሚጨምርበት ዕድሜ ከጉልበታቸው ሥር ወይም ተረከዛቸው ላይ «ያመኛል» የሚሉ ልጆችን የማያውቅ አሠልጣኝ የለም።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ድንገተኛው ለውጥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጥግ ላይ የተለማመደ ልጅ በሙሉ ፍጥነቱ ሮጦ አያውቅም። ቅዳሜ ሰፊ ሜዳ ላይ 40 ሜትር ሲፈተለክ የታፋው የኋላ ጡንቻ ለዚያ አልተዘጋጀም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። 4 ለ 4 ጨዋታ 25 በ20 ሜትር ላይ ለአንድ ልጅ 62 ካሬ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ያንኑ ጨዋታ 40 በ30 ሜትር ላይ ቢያደርጉት 150 ይሆናል። ልጆቹ ያው፣ ደቂቃው ያው፣ ልምምዱ ግን ሌላ ነው። ኮን ከሌለ ድንጋይ ይበቃል፤ አሠልጣኙ በእርምጃው ይለካ። ሜዳ የሚካፈሉ ቡድኖችም ሁልጊዜ በየጥጋቸው ከሚቀሩ፣ ተራ ገብተው ግማሹን ሜዳ ለ20 ደቂቃ ቢለቃቀቁ ሁሉም ልጆች የሚፈተለኩበት ቦታ ያገኛሉ።

የውድድር አዘጋጆችም በየዕድሜው የሜዳውን ልክ ደንባቸው ውስጥ ያስገቡ። አንድ ሙሉ ሜዳ ለአራት ቢከፈል እያንዳንዱ 52 በ34 ሜትር ገደማ ነው፤ ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች 7 ለ 7 ያጫውታል። 22 ልጅ ይሮጥበት የነበረው ሜዳ በአንድ ጊዜ 56 ልጅ ይይዛል። ለሜዳ እጥረቱም መላ ነው። «ልጄ ትልቁ ሜዳ ላይ ካልተጫወተ» የሚሉ ወላጆችም ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። የታዳጊዎች ውድድር ስትዘግቡ ከውጤቱ ጎን የሜዳውን ስፋትና ስንት ለስንት እንደተጫወቱ ጻፉልን።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ
አዲስ አበባ