ማዛመድ በእርሳስ አይጀመርም

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። የኬጂ አስተማሪ ነኝ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። እርሳስ ገና በደንብ መያዝ ያልቻለ የ4 ዓመት ልጅ ወረቀት ተሰጥቶት "በመስመር አገናኝ" ይባላል፣ ዳክዬዋ ከየትኛዋ ዳክዬ ጋ እንደምትሄድ እያወቀ መስመሩ ስለተጣመመ ብቻ ኤክስ ይደረግበታል፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

በዚህ እድሜ የሚያስፈልገው በእጅ የሚነካ ነገር ነው፣ ቆርኪ፣ የተደባለቀ ካልሲ፣ ባቄላና ሽምብራ (አፍንጫቸው ውስጥ ስለሚከቱት አጠገባቸው ሆኖ ነው ታዲያ)። መጀመሪያ በጣም የሚለያዩ ሁለት ዓይነት ብቻ፣ ሲለምዱ ሶስት፣ ከዛ እቃውን ከስእሉ ጋ። ዶሮን ከእንቁላል፣ ቁልፍን ከጓጉንቸር የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም እዛ ላይ መልካቸው አይመሳሰልም፣ ምን እንደሚያገናኛቸው ማሰብ ይጠይቃል። ወላጆች "ጨዋታ ነው፣ መቼ ነው የሚማሩት" ይሉናል፣ ግን እስቲ ፊደላችንን እዩት፣ ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለያዩት ከላይ ባለችው ነገር ነው፣ ሉ እና ሊ ደግሞ ቅጥሏ መሃል ወይ ታች በመሆኗ ብቻ። ይሄን ማየት ያልለመደ ልጅ ሀሁን በዜማ ይወጣዋል፣ አንዷን ነጥላችሁ ስታሳዩት ግን አያውቃትም።

ጎልማሶቹ ጋ ቆርኪ ይዤ አልሄድም፣ ነውር ነው። ማኛን ከሰርገኛ በዓይናቸው የሚለዩ፣ የ50 እና የ200 ብርን ሳያነቡ የሚያውቁ እናቶች ማዛመድ አያቅታቸውም፣ የጎደላቸው ከጽሁፍ ጋ ማዛመዱ ነው። ስለዚህ የታክሲ ታፔላ ጽፌ እሰጣቸዋለሁ፣ መገናኛና መርካቶ ሁለቱም በመ ስለሚጀምሩ የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ መሳፈር የለም፣ ቀጣይዋን ማየት ግድ ይላል። የልጃቸውን ስልክ ቁጥርም ወረቀት ላይ ካለው ጋ አንድ በአንድ ያስተያያሉ።

ትልልቆቹ ተማሪዎች ጋ ደግሞ ችግሩ የአዛምድ ፈተና አወጣጡ ነው። በ"ሀ" ስር 5 ጥያቄ በ"ለ"ም ስር 5 መልስ ከሆነ የመጨረሻው ሳይጠና ይገኛል፣ የአድዋን ድል ጠይቀን ዓመተ ምህረት የሆነው ምርጫ 1888 ብቻ ከሆነማ ምኑን ጠየቅነው? 1928 እና 1933ም አብረው ይግቡ፣ በ"ለ" ስርም ሁለት ትርፍ ይኑር።

የኬጂ ርእሰ መምህራን እባካችሁ፣ የዚህን ሴሚስተር የኮፒ ወረቀት ቀንሳችሁ ባቄላና ሽምብራ ግዙልን።