ብሉዝ የሚሰማው ቀረብ ብሎ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ከረማችሁ። በቅርቡ ቺካጎ ውስጥ በበጋው ወራት በነጻ የሚታዩ ዝግጅቶችን ዘርዝራችሁ አውጥታችሁ ነበር። ደግ አድርጋችኋል፤ ልጆች ያሉን ሰዎች እንዲህ ያለውን ዝርዝር ቆርጠን ፍሪጅ ላይ እንለጥፋለን። ቅር ያለኝ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሆነውን የብሉዝን ፌስቲቫል በሁለት መስመር ማለፋችሁ ነው። ያም ይሁን፤ ግን አጻጻፋችሁን ያየ አንባቢ ፌስቲቫሉ ሲያልቅ ብሉዙም ተጠቅልሎ ለከርሞ የሚቀመጥ ይመስለዋል።

የሌሊት ታክሲ ነጂ ብትጠይቁ ኖሮ ሌላ ነገር ይነግራችሁ ነበር። ሃልስተድ ጎዳና ላይ ኪንግስተን ማይንስ የሚባል ቤት አለ፤ የተመሠረተው በ1968 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ደንበኛ ፍለጋ ደጁ ላይ የምንሰለፍ ሐበሻ ሹፌሮች በደንብ እናውቀዋለን፤ ሌሎቹ ቤቶች በራቸውን ከዘጉ በኋላ እንኳ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር እስከ ሌሊቱ አሥር ድረስ ሰው ይወጣል ይገባል። ውስጡ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል፣ ሁለት መድረክ አለው። አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል፤ ሰዉም ብርጭቆውን እንደያዘ ከዚህኛው ክፍል ወደዚያኛው ይሻገራል። እኛ ታዲያ ውጭ መኪናችን ውስጥ ቁጭ ብለን በሩ በተከፈተ ቁጥር የቤዙን ድምፅ እየሰማን የዕለቱን ገቢ እንቆጥራለን።

ፌስቲቫሉን እያጣጣልኩ አይደለም። ታላቁ የቺካጎ ብሉዝ ዘፋኝና ጊታሪስት መዲ ዋተርስ በ1983 ባረፈ በዓመቱ የተጀመረ ነው፤ ብዙ ዘመን ግራንት ፓርክ ሲካሄድ ኖሮ በ2017 ወደ ሚሌኒየም ፓርክ ተዛወረ። በፈረንጆቹ ጁን መጀመሪያ፣ በእኛ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ይውላል። መግቢያው ነጻ ነው። ትልቁ መድረክ ፊት ለፊት አራት ሺህ ያህል መቀመጫ አለ፤ ከኋላው ያለው ሣር ደግሞ ሰባት ሺህ ሰው ይይዛል፤ ድምፅ ማጉያዎቹ ከሣሩ በላይ በተዘረጋው የብረት መረብ ላይ ስለተሰቀሉ መጨረሻ ላይ የተቀመጠውም እኩል ይሰማል። ልጆችን ይዞ ብርድ ልብስ አንጥፎ ለመዋል የሚያህለው የለም። (አንዳንድ ዓመት ጾመ ሐዋርያት ይገጥመዋል፤ ያኔ የጥብሱን ሽታ መቻል የጾመኛው ፈንታ ነው።) ነገር ግን እዚያ ሣር ላይ ሆኖ ዘፋኙን የሚያየው ሰው ዘፋኙ አያየውም። ብሉዝ ደግሞ ዘፋኙ ካላየህ ግማሹ ይጎድላል።

ይህን የምለው ሙዚቃው እንዴት እንደተሠራ ስለማውቅ ነው። ብሉዝ ከሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ቢመጣም፣ የቺካጎ ብሉዝ የሚባለው ድምፅ የተገኘው መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን የሚሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ግዛቶች ተሰድደዋል፤ ከሚሲሲፒ የተነሱት ብዙዎቹ ባቡር ይዘው እዚህ ቺካጎ ወረዱ። መዲ ዋተርስም በ1943 መጣ። ቀን ፋብሪካ ውስጥና የጭነት መኪና ላይ እየሠራ ማታ ማታ ይጫወት ነበር። (ሹፌር መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ የሙያ ወንድሜ ነው እያልኩ እኩራራበታለሁ።) ከአገሩ ያመጣው ጊታር በሰካራም ጫጫታ መሀል አልሰማ አለ፤ ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ዞረ። ትንሹ ዋልተር የሚባለው ሃርሞኒካ ነፊ ደግሞ ማይክራፎኑንና ሃርሞኒካውን አንድ ላይ በመዳፉ አፍኖ በአምፕሊፋየር መንፋት ጀመረ። እንግዲህ ያ ዛሬ ዓለም የሚቀዳው ሻካራ ድምፅ የመጣው የመጠጥ ቤት ሁካታን ለማሸነፍ ከተደረገ ትግል ነው።

የእኛ ሰው ብሉዝ ሲባል «ለቅሶ ነው» ይላል። ቅርብ ቁጭ ብሎ ያልሰማ ሰው አባባል ነው። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሁሉ ወዲያው የሚገባው ነገር አለው። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፣ ያንኑ ይደግመዋል፣ ሦስተኛው ላይ ይዘጋዋል። በየመሀሉ ጊታሩ ወይም ሃርሞኒካው ይመልስለታል፤ ልክ አዝማሪው ስንኝ ጥሎ ማሲንቆውን እንደሚያናግር። ስንኙ ሲደገም አድማጩ መዝጊያውን ለመገመት ጊዜ ያገኛል፣ ዘፋኙም ለማሰብ። ባለፈው ክረምት አንዲት ትንሽ ባር ውስጥ ሳመሽ ዘፋኙ ወደ ቤቱ አምሽቶ ስለሚገባ ባል መዝፈን ጀምሮ ነበር፤ የመጀመሪያውን ስንኝ እንዳለ በሩ ተከፈተና አንድ ሰውዬ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ገባ። ዘፋኙ ስንኙን ዓይኑን ሰውዬው ላይ ተክሎ ደገመው። ሦስተኛው ስንኝ ስለ እርጥብ ጫማ ሆነ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ባንኮኒው ጋ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ጠረጴዛውን እየደበደቡ ለዘፋኙ ይመልሱለት ጀመር፤ ሰውዬውም ካፖርቱን ሳያወልቅ ሄዶ የቲፑ ባልዲ ውስጥ ብር ጨመረ። እኛ አገር ቢሆን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለት ነበር። ብሉዝ ሰምና ወርቅም አለው። ስለ ወጥ ቤትና ስለ መኪና ሞተር እየዘፈኑ የሚሉት ሌላ ነው፤ ምን እንደሆነ ለአማቴ አልተረጉምላቸውም።

ስለ ቅኝቱም አንድ ነገር ልበል። ትዝታ የእኛ ብሉዝ ነው ይባላል፤ በስሜቱ አልከራከርም። ክራር የሚመታ ጓደኛዬ በጣቱ ሲያሳየኝ ግን፣ የብሉዝ ጊታሪስት አብዝቶ የሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች ባቲ ማይነር ከሚባለው ቅኝታችን ጋር ናቸው የሚገጥሙት። እነሱ የሚጨምሩት ክሩን በጣት እየገፉ በሁለት ድምፆች መካከል ያለችውን ማውጣት ነው። ጆሯችን እዚያ ቤት እንግዳ አይሆንም።

«የእኛ አይደለም፣ ምን አገባን» ለሚለው ደግሞ አርሚቴጅ ጎዳና ላይ ያለውን ሮዛስ ላውንጅ ሄዶ ይይ። የከፈተው ከሚላን የመጣ ጣሊያናዊ ከበሮ መቺ ነው፤ ብሉዝን አገሩ ሰምቶ ተከትሎት መጣ፣ እናቱም ተከትለውት መጡ፣ በ1984 ባሩን በእናቱ ስም ከፈተ። ጣሊያን እናቱን ይዞ ከመጣ እኛ የሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን ካሉበት ከዚሁ ከቺካጎው ብሮድዌይ ጎዳና ተነስተን አርሚቴጅ መድረስ ሊያቅተን አይገባም።

የሚያሳስበኝ ሌላም አለ። ብሉዙ የኖረበት የደቡቡ የከተማ ክፍል ዛሬ ብዙ የብሉዝ ቤቶቹን አጥቷል። ቴሬሳስ የሚባለው የምድር ቤት ባር በ1983 ተዘጋ። 43ኛው ጎዳና ላይ የነበረው ቼከርቦርድ ላውንጅ፣ በ1981 የእንግሊዝ የሮክ ባንድ የሆኑት ሮሊንግ ስቶንሶች ከመዲ ዋተርስ ጋር መድረክ የወጡበት ቤት፣ አሁን በቦታው የለም። ከቼከርቦርድ ባለቤቶች አንዱ የነበረው የብሉዝ ጊታሪስት ባዲ ጋይ በ1989 መሀል ከተማ ዋባሽ ጎዳና ላይ ሌጀንድስ የሚባለውን ቤት ከፈተ፤ ለብዙ ዓመታት በየጃንዋሪው ራሱ ይጫወትበት ነበር፤ የተወለደው እኮ በ1936 ነው! እንዲህ ዓይነት ቤት የሚቆመው በዓመት አንድ ጊዜ በነጻ በሚመጣ ሕዝብ ሳይሆን በበረዶ ወቅት ማክሰኞ ማታ የመግቢያውን ከፍሎ በሚቀመጥ ጥቂት ሰው ነው። ሙዚቀኛውም ከበሩ ገንዘብ የሚደርሰው ጥቂት ስለሆነ ባልዲው ሲዞር ዓይንን ወደ ስልክ መስደድ ነውር ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከነጻ ዝግጅቶቹ ዝርዝር ጎን በየሳምንቱ ትንሽ ቦታ ስጡና የትኛው ባር በየትኛው ቀን ብሉዝ እንዳለው፣ ስንት ሰዓት እንደሚጀምርና መግቢያው ስንት እንደሆነ አውጡ። ብሮድዌይ ላይ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን ባለቤቶችም ይህን ካነበቡ፣ ሰው በማይበዛበት የሥራ ቀን አንድ የብሉዝ ጊታሪስትና አንድ ማሲንቆ መቺ አብረው ቢያስቀምጡ ከሚያተርፉት እንጂ ከሚከስሩት አይሆኑም፤ እኔ ከነጓደኞቼ እመጣለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ፦ ከ21 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብዙዎቹ ቤቶች አያስገቡም፣ መታወቂያ ይያዝ። ለመግቢያውና ለባልዲው ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። ከባንዱ ፊት ለፊት መቀመጥ ከፈለጉ ሳይጀመር ይግቡ። ሃልስተድ ላይ ዓርብና ቅዳሜ ማታ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ከመዞር ታክሲ መያዝ ይሻላል፤ ይህን ስል የራሴንም እንጀራ እያየሁ መሆኔ ይታወቅልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሌሊት ታክሲ ሹፌር፣ ከቺካጎ