ከአውሮፕላኑ በፊት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ቤተ እስራኤል፣ ስለ እኛ ስለ ኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ግን እንደተለመደው ታሪኩን ከአውሮፕላን ጀመራችሁት። ከሱዳን ወደ እስራኤል በአየር ያጓጓዘን ዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ። ይሁን። በእግር የተኳተነውስ?

እናቴ ከጎንደር ገጠር ወጥታ ሱዳን የገባችው ቀን ጫካ ተደብቃ፣ ሌሊት እየተጓዘች ነው። ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ አይሁድነታቸው እንዳይታወቅ፣ በሰንበት እሳት ማንደድ ክልክል ነውና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓርብ በተዳፈነ ፍም ላይ ባዶ ድስት ይጥዱ ነበር። ምድጃው ጭር ካለ ጎረቤት ይጠረጥራላ! በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ወደ 4,000 ይገመታሉ፤ መታሰቢያቸውም ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል።

እዚህ እስራኤል የተወለዱት ልጆቼ ግን ትምህርት ቤት የሰሙት «አመጧችሁ» የሚለውን ብቻ ነው። አዎ፣ አመጡን፤ ውለታም አንክድም። ሆኖም ተሸክመው እንዳመጡት ዕቃ ሆኖ ማደግ ልጅን አንገት ያስደፋል። ትልቁ ልጄ የድስቱን ነገር ከሰማ ወዲህ ለስግድ፣ ለቤተ እስራኤል ዓመታዊ በዓል፣ ሳይለመን ከአያቱ ጋር ይወጣል። በዓሉማ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ሕግ ብሔራዊ ሆኗል፤ ልጁን ያስወጣው ግን ሕጉ አይደለም።

ስለዚህ ለሽማግሌዎችና ለቤተ እስራኤል ቄሶች ቋሚ ዓምድ ስጧቸው፤ በአማርኛም በትግርኛም ይናገሩ፣ ዕብራይስጡ ይከተል። አደራ፣ የሚጠይቃቸው ሰው ቋንቋቸውን የሚችል ይሁን። ልጅ አስተርጓሚ ፊት እናቴ ግማሹን ትውጠዋለች።

አንባቢያችሁ፣ ከነታንያ